ቅዳሜ ሐይቅ፣ እሁድ ወንዝ

በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቻችሁ ጋር ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ በስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሞ) ለመጥለቅም፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ለመልቀምም አስባችኋል? እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጥለቁ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጽዳቱ እሁድ ከሰዓት ይሁን።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሰው ከጠለቀ በኋላ ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይቀራል። በዚያው ቀን መኪና ይዞ ሽቅብ ወደ ከተማ ከወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሊሠራ ይችላል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ከባድ ጆንያ መሸከም ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ስለዚህ እዚያው እደሩ። ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ውኃ የሚጠለቅበት ስሌትም ከባሕሩ ይለያል፤ የዳይቪንግ ኮምፒውተራችሁን፣ ማለትም የጥልቀትና የሰዓት ገደቡን የሚያሰላውን መሣሪያ፣ ለከፍታው ሳታስተካክሉ አትግቡ።

እሁድ ስትመለሱ አቃቂ መንገዳችሁ ላይ ነው። ወፍራም ጓንትና ቦቲ አድርጉ። ውኃው የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ስለሚገባበት ከዳር ብቻ ልቀሙ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ይቅርበት። በክረምት አትሞክሩት፣ ወንዙ ድንገት ይሞላል። የሞላው ጆንያ ወዴት እንደሚነሳም ከወረዳው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አለዚያ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ወንዝ ይገባል።