ግቢያችሁ ውስጥ ፊልም ልታዩ ነው? እኛ የሠራነውን ስህተት አትድገሙ

እኔና ባለቤቴ ደሴ ላይ፣ ግቢያችን ውስጥ ማታ ማታ ፊልም ማየት ከጀመርን ሁለተኛ በጋችን ነው። ያልተሳሳትነው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ትልቁ ስህተት ብርዱን መናቅ ነው። ደሴ እኮ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀን ላይ ፀሐዩ ያታልላል። እኛም ተታለን በቲሸርት ወጣን፤ ፊልሙ ሳይጋመስ እሷ የነበረንን አንድ ጋቢ ለብቻዋ ተጠቅልላ፣ እኔ እጄን ብብቴ ስር ወትፌ ቁጭ። ጋቢ ሁለት ይሁን። አንዱን ለሁለት መልበስ ፍቅር ነው የሚል ሰው የጥቅምትን ብርድ አያውቀውም። ከመሬት የሚመጣው ቅዝቃዜ ደግሞ የባሰ ነው፣ ፍራሹ ስር ካርቶን አንጥፉ። ኮምቦልቻ ላላችሁ ችግሩ ብርዱ ሳይሆን ትንኙ ነው፤ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ እግራችሁን ሸፍኑ።

ሁለተኛው፣ መቸኮል። ሰማዩ ሳይጠቁር ፕሮጀክተር ከከፈታችሁ የምታዩት ጥላ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ይለፍ።

አንሶላውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ጣል አድርገን ጀመርን። ስስ ስለነበር ግማሹ ብርሃን አልፎት የጎረቤት ግድግዳ ላይ አረፈ። ተዋናይዋ ፊቷን ስታኮማትር አዘነች ብለን ዝም አልን፣ ለካ ንፋሱ ነው! አሁን ከኋላው ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን፣ አራቱንም ጫፍ ወጥረን እናስራለን። ከጦሳ ተራራ ጉም ከወረደ ግን ተዉት። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዕቃውም እርጥበት አይወድም።

ድምፅ አታጩሁ። ጎረቤታችን እማማ በማግስቱ ቡና ላይ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ሚስቱን ታረቃት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከአልጋቸው ሳይነሱ ሙሉውን ሰምተውታል። ስፒከሩን ከአንሶላው ሥር ሳይሆን ከአጠገባችሁ አድርጉት፣ በትንሽ ድምፅ ይበቃችኋል። በብሉቱዝ ስታገናኙት ድምፁ ከከንፈሩ ወደኋላ ከቀረ ገመድ ተጠቀሙ። አዛን ሲሰማ እኛ ፊልሙን እናቆመዋለን፣ እስኪያልቅ ወሬ እንጫወታለን።

መብራት ከሄደ ቶሎ ንቀሉ። ሲመለስ በኃይል ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል።

ሌላው በእኛ በባሎች የሚብሰው ስህተት ነው። ወሎዬ ያለ ቡና አያመሽም፤ ግን እሷ ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስታፈላ፣ በረካው ሲደርስ ፊልሙ አልቆ ነበር። እኔ ተጋድሜ ስስቅ እሷ «ምን አለ?» እያለች። አኮረፈች፣ ልክም ነበረች። አሁን ቡናው ቀድሞ ተጠጥቶ ያልቃል፣ ፈንዲሻውን እኔ አፈነዳለሁ። ፊልሙንም ቀን እንመርጣለን፣ አለዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ፍላሽ መበርበር ነው።

አንዱን ግን በቀልድ አላልፈውም። ስንገባ ከሰሉ ገና ፍም ነበር፤ መኝታ ቤቱን እንዲያሞቅልን ልናስገባው አንስተነው ነበር። በፍጹም አታድርጉት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ ባይኖረውም በተዘጋ ቤት እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ይገድላል። ውጭ ትታችሁት፣ ውሃ አፍስሳችሁበት ግቡ።