ግቢ ለሌለን የጎንደር ሰዎች፦ በጀሪካን ቆስጣ

መሬት የለኝም ብላችሁ አትተዉት። እኔ አዘዞ፣ በኪራይ ቤት በረንዳ ላይ ነው የማለማው። ለመጀመር የ20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። ወገቡ ላይ ቁረጡት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ታቹን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል።

ዋናው ጣጣ አፈሩ ነው። መረሬ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ እንዳትጨምሩ፣ ችግኙን ያቃጥለዋል። አፉ ድረስም አትሙሉት፤ ለውሃው ሁለት ጣት ያህል ተዉለት።

ለጀማሪ ምርጫዬ ቆስጣ ነው። የዳር ዳሩን ቅጠል ብቻ ከቀጠፋችሁ መሃሉ እየተካ ይሰነብታል። ቃሪያም አይከፋም፣ ፀሐይ ግን ይወዳል። ቲማቲም በክረምት? ተዉት፣ ዝናቡ በበሽታ ይጨርሰዋል። እኔ ጥቅምት ላይ ነው የምተክለው።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አትክልት ያጠብኩበትን አልደፋም፤ ሳሙና ካልነካው ለቆስጣው ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ለነገ ይደር።