ኮንሰርቱ ተሰረዘ፣ የትኬቱን ብር ልቀበል ወይስ ልተውላቸው? እንዴት እንደሚወሰን

ባህር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ላይ ትልቅ ኮንሰርት ወይ ቲያትር ይመጣል ተብሎ ፖስተር ተለጥፎ፣ ትኬት ተሽጦ፣ ከዳንግላ ከፍኖተ ሰላም ከሞጣ ሰዉ ሁሉ ተቀጣጥሮ ካበቃ በኋላ "ባጋጠመን ችግር ምክንያት ዝግጅቱ ተሰርዟል" የሚል ነገር ይለጠፋል። ከዛ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ብሬን አምጡ ይላል ሌላው ደግሞ ተዉት ባካችሁ አርቲስቶቹም እኮ ተጎድተዋል ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ብሩ አሁን በማን እጅ እንዳለ ሳታውቁ "ለግሻለሁ" ካላችሁ አርቲስቱን የረዳችሁ መስሏችሁ ፕሮሞተሩን፣ ማለትም ዝግጅቱን ያዘጋጀውን ነጋዴ ብቻ ደግፋችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ተሰርዟል ነው የተባለው ወይስ ተራዝሟል የሚለውን አጣሩ። ከተራዘመ ትኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአዲሱ ቀን ይሰራል፣ በዛ ቀን የማትችሉ ከሆነ ግን ከአሁኑ ተናገሩ፣ አዲሱ ቀን ካለፈ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። "ቀኑን በቅርቡ እናሳውቃለን" ብቻ ከሆነ እኔ እንደተሰረዘ ነው የምቆጥረው። ሌላው ደግሞ ዝግጅቱ ሳይሰረዝ መንገድ ተዘግቶ እናንተ ከሞጣ ባህር ዳር መድረስ ካልቻላችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ደግ አዘጋጅ ከሆነም ይመልሳል፣ ግን ሾው ቀርቧልና እንደ መብት አጥብቆ መከራከር ይከብዳል።

ቀጥሎ ማስረጃችሁን ሰብስቡ። የወረቀት ትኬት ከሆነ አትጣሉት፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት። በቴሌብር ከከፈላችሁ የመጣላችሁን ሜሴጅ እንዳታጠፉት፣ የግብይት ቁጥሩ እዛ ላይ ነው ያለው፣ ዳታ በማይሰራበት ጊዜም *127# ብላችሁ ቴሌብራችሁ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። በባንክ ከሆነ ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። የመሰረዙንም ማስታወቂያ ስክሪንሾት አድርጉት፣ ምክንያቱም ነገ ተሰርዟል የሚለው ፖስት ጠፍቶ ተራዝሟል የሚል ሊመጣ ይችላል። ብቻ የትኬቱን ኮድ ያለበትን ፎቶ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት፣ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ብሩን ይጠይቅበታል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብሩ የት ነው? ዝግጅቱ ለምሳሌ ባህር ዳር ሙሉዓለም አዳራሽ ስለነበር አዳራሹ ብሩን ይዞታል ማለት አይደለም፣ ትኬቱን የሸጠላችሁ ካፌም ብዙውን ጊዜ ሰብስቦ ያስረክባል እንጂ የሱ አይደለም። ስለዚህ የከፈላችሁበት ቁጥር በማን ስም ነው የሚለውን እዩ፣ ሜሴጁ ላይ ስሙ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ፕሮሞተሩ ነው። እሱ ደግሞ ለዋናው ዘፋኝ ቀብድ ከፍሎ ሊሆን ይችላል፣ ለሳውንድና ለስቴጅም እንደዛው። ሾው ሲቀር ባዶ እጁን የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከኋላ ያለው ነው፣ በሾው የሚከፈለው የባንድ ልጅ፣ ተወዛዋዡ፣ ማሲንቆ መቺው፣ በር ላይ ሊቆም የነበረው ልጅ። የእናንተ ትኬት ብር ፕሮሞተሩ ጋ ስለቀረ ብቻ እነሱ ጋ ይደርሳል የሚል ዋስትና የለም። እኛ ጎጃሞች አዝማሪ ስንሸልም ግንባሩ ላይ ነው የምንለጥፍለት እንጂ ለበረኛው ሰጥተን አንወጣም፣ እዚህም እንደዛው ነው። ብሩን ተቀብላችሁ ከዛ የፈለጋችሁትን ለባለሙያው ራሱ መላክ ትችላላችሁ። ይሄ ሶስተኛ መንገድ ለብዙ ሰው ትዝ አይለውም፣ ለኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥሩው እሱ ነው።

መቼ ነው ታዲያ እዛው መተው? አዘጋጁ ትንሽ ሲሆን። እንጅባራ ወይ ደብረ ማርቆስ ያሉ ተማሪዎች ተሰባስበው ቲያትር አዘጋጅተው፣ ለፖስተርና ለአዳራሽ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሁሉም ብሬን መልሱ ቢላቸው ቡድኑ ይበተናል። እዛ ላይ አቅም ካላችሁ ተዉላቸው፣ ሙሉውን ካልቻላችሁም ግማሹን ተቀብላችሁ ግማሹን ተዉ፣ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም የሚል ህግ የለም። ስፖንሰር ያለው ትልቅ ኮንሰርት ከሆነ ግን ያለምንም ሀፍረት ተቀበሉ። ችግር ካለባችሁ ደግሞ ማንም ይሁን ማን ተቀበሉ፣ ለቤት ኪራይ የሚሆን ብር ይሉኝታ ይዟችሁ እንዳትተዉት።

ውጭ ሀገር ይሄ ነገር በደንብ የተፈተነው በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 የኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ሲዘጋ ሌሎችም ቲያትር ቤቶች በየቦታው ተዘጉ፣ ብዙ ለትርፍ ያልቆሙ ቲያትሮች ለደንበኛው ሶስት ምርጫ ሰጡ፣ ብሩን መቀበል፣ ለሌላ ጊዜ ማዞር፣ ወይ መለገስ። አሜሪካ ውስጥ የሚለግሰው ሰው ለግብር የሚሆን ደረሰኝ ስለሚያገኝ ትንሽ ይቀለዋል። ጀርመን ደግሞ በ2020 አዘጋጆች በጥሬ ብር ፋንታ ቫውቸር፣ ማለትም በኋላ በብር ፋንታ የሚያገለግል ወረቀት እንዲሰጡ የሚፈቅድ ህግ አወጣች፣ ግን ቫውቸሩን እስከ 2021 መጨረሻ ያልተጠቀመበት ሰው ብሩን መጠየቅ ይችል ነበር። ከዚህ የምንወስደው ነገር ቢኖር ምርጫው በጽሁፍ እና በቀን ገደብ መቅረቡ ነው። እዚህም አዘጋጁ "ለሚቀጥለው ሾው እናዞርላችኋለን" ካለ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ካልተደረገስ ምን እንደሚሆን ጽፎ ይስጣችሁ፣ በአፍ ከሆነ አትቀበሉ።

ብሩን ለመጠየቅ ስልክ ብቻ አትደውሉ፣ ጻፉ። እንዲህ ይበቃል፦ "ሰላም፣ ለተሰረዘው ዝግጅት ሁለት መደበኛ ትኬት በቴሌብር ገዝቻለሁ፣ የግብይት ቁጥሩ ይሄ ነው። ብሩ በከፈልኩበት ስልክ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፣ መቼ እንደምትልኩ ቀኑን አሳውቁኝ።" ስድብ አያስፈልግም፣ የሚመልስላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ ስልክ የሚያነሳ ልጅ ነው።

ለመለገስ ከወሰናችሁም ዝም ብሎ አለመጠየቅ ልገሳ አይደለም፣ ዝም ካላችሁ ብሩ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ እዛው ይቀራል። "ከትኬቴ ይሄን ያህል ብር ለባንዱ አባላት እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ" ብላችሁ ጻፉና ለማን እንደደረሰ እንዲያሳውቁ ጠይቁ። መልስ ካልሰጡ ሀሳባችሁን ቀይራችሁ ብሩን መጠየቅ ነው። ለጓደኞቻችሁ ትኬት የገዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ በእነሱ ብር አትለግሱ፣ አንድ በአንድ ጠይቋቸው።

አጭበርባሪ አይጠፋም በዚህ ጊዜ። "የኮንሰርቱን ብር ልንመልስ ነው፣ ሚስጥር ቁጥርህን ላክ" የሚል ከመጣ ዝጉት፣ በቴሌብር ብር ለመቀበል ስልክ ቁጥር እንጂ ፒን አያስፈልግም፣ ሜሴጅ ላይ የመጣ ኮድም ለማንም አይነገርም። ከተጠራጠራችሁ 127 ደውላችሁ ጠይቁ፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951።

አንመልስም ቢሉስ? ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ ነው የሚለው። "ከአቅም በላይ ሆኖብን ነው" የሚለው ምክንያት እውነት ከሆነ ከካሳ ሊያድናቸው ይችላል፣ ማለትም ለትራንስፖርትና ለአልጋ ያወጣችሁትን አትጠይቋቸውም፣ የትኬቱን ብር ግን ያስቀርላቸዋል ማለት አይደለም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ፣ እሱ ላይ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች ጥያቄውን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ስለሚል ያልቀረበ ሾው ቢሆንም ለጥንቃቄ ቶሎ ማመልከቱ ይሻላል። የምታመለክቱት ከተማችሁ ያለው የንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ወይ ጽህፈት ቤት ነው፣ ትኬቱን፣ የከፈላችሁበትን ሜሴጅና የጻፋችሁላቸውን ደብዳቤ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብዙ ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ያስተናግዷችኋል። ለአንድ መደበኛ ትኬት ብላችሁ ፍርድ ቤት መመላለስ ግን ለባጃጅ የምታወጡት ይበልጣል።