«ሊንኩ አይሰራም» ሲሏችሁ

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ከደሴ ተነስቶ ለመሄድ ያሰበ ሰው መነሻ ሰዓቱን፣ መሰብሰቢያውን፣ ሂሳቡን ማወቅ ይፈልጋል። እኔም ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ በተንኩት። በነጋታው ስልኬን ስከፍት ሰው ሁሉ የጻፈልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሊንኩ አይሰራም»።

«እኔ ጋ ይሰራል» ብዬ መለስኩ። እንዲህ ያለ መልስ ለማንም አትስጡ።

አብሽሩ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ስክሪንሻት አስልኩ፤ «አይሰራም» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 404 የሚል ከሆነ በዚያ አድራሻ ገጽ የለም ማለት ነው፦ ወይ ተሰርዟል፣ ወይ አድራሻው ተቀይሯል፣ ወይ ሊንኩ ሲጻፍ ተበላሽቷል። 403 ካለ መግባት ተከልክሏል። በ5 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ከሆነ ችግሩ ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ጋ ስለሆነ ቆይታችሁ ሞክሩ። ቁጥር የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ዳታውን ጠርጥሩ፤ ሌላ ገጽ ይከፈትለት እንደሆነ ሰውየውን ጠይቁት።

ቀጥሎ የተላከላቸውን ሊንክ ራሱን፣ ከመልእክቱ ላይ ነክታችሁ ክፈቱት። እኔን ያሞኘኝ ይሄ ነው። አድራሻው ላይ «ግሽን» ብዬ ተሳስቼ ኖሮ ማታ «ግሸን» ብዬ አርሜዋለሁ፤ እኔ የምከፍተው አዲሱን፣ ሰው የሚነካው አሮጌውን። መፍትሔው አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ነው፤ የገጻችሁ ማስተካከያ ውስጥ «ሪዳይሬክት» የሚል ካለ ቋሚውን፣ ማለትም 301ን ምረጡ። የቴሌግራሙን ጽሑፍ ማረም ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ሰው ፎርዋርድ ያደረገው ቅጂ አብሮ አይታረምም፣ እሱ ደግሞ እስካሁን ኮምቦልቻም ሐይቅም ደርሷል።

የኛው ጽሑፍ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ከሊንኩ ጀርባ አራት ነጥብ ከለጠፋችሁ አንዳንዱ አፕ ነጥቡን የሊንኩ አካል አድርጎ ይወስደዋል፤ «ላይ» ወይም «ን» ሲለጠፍም ያው ነው። ሊንኩን ብቻውን አንድ መስመር ስጡት። አድራሻውንም በአማርኛ ፊደል አትጻፉት። ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደተሞሉ 9 ምልክቶች ሊቀየር ይችላል፤ «ግሸን» ብቻዋን 27 ትሆናለች። «የግሸን ማርያም ጉዞ» ብትሉት ከ90 ያልፋል፣ መሃል ላይ ተቆርጦ ሰው እጅ ቢደርስ አይግረማችሁ። በላቲን ፊደል አጠር አድርጋችሁ ጻፉት፣ ቋንቋችንን የናቀ ሰው አያስብላችሁም።

ፖስተሩን ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ ከሆነ ለናንተ ተከፍቶ ለሌላው ፈቃድ ይጠይቃል። ማጋሪያው ውስጥ ገብታችሁ ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያይ ፍቀዱ። ያለ አካውንታችሁ፣ በኢንኮግኒቶ ከፍታችሁም አረጋግጡ።

የሰው ሊንክ ስታስገቡ ደግሞ ጠርጠር አድርጉ። የግሩፕ መግቢያ ሊንክን አድሚኑ በፈለገው ሰዓት ይሰርዘዋል። ረጅም ሊንክን አጭር የሚያደርግ ማሳጠሪያም አይታመንም፤ ጉግል እንኳን በራሱ ማሳጠሪያ አዲስ ሊንክ ማውጣት በ2019 (እንደ ፈረንጆቹ) አቁሟል። ሙሉውን አድራሻ አስቀምጡ። የሰው ገጽ ጨርሶ ከጠፋ አድራሻውን የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ አስገቡት፣ አንዳንዴ የድሮ ቅጂው ይገኛል።

በየዓመቱ ለሚመጣ በዓል አድራሻው ላይ ዓመተ ምሕረት አትጨምሩ። ግሸንም የላሊበላ ገናም ከርሞ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያንኑ ገጽ አድሱት፣ ሰው ያስቀመጠው ሊንክም እንደሠራ ይቆያል። ለባቲ ገበያማ ምን ሊንክ ያስፈልጋል፣ ሰኞ ሰኞ እዛው ነው።

ፒያሳ የሚለጠፍ ወረቀት ላይ ኪውአር የምታስገቡ ከሆነ ማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ፣ በዳታ፣ ስካን አስደርጉት። ከሥሩም ስልክ ቁጥር ጻፉ። የኔ እናት ዛሬም ቢሆን ደውላ ነው የምትጠይቀው።