የደብር ጽዳት አገልግሎት በመንገድ እንዳይቀር

የጽዳት ምድብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። በፍልሰታ ሰሞን 30 ወጣት መጥረጊያ ይዞ ይሰለፋል፤ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት 5 ይቀራል። አምስቱ የሠላሳውን ሥራ ተሸክመው ይሰነብቱና ጥምቀት ሳይደርስ አኩርፈው ይበተናሉ። ስለዚህ መጥረጊያ ከመግዛታችሁ በፊት ተራ አውጡ።

12 ሰው ካላችሁ በአራት በአራት ሦስት ምድብ ይሁን። እያንዳንዱ ምድብ በሦስት ሳምንት አንድ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሠራል፤ የደብሩ ንግሥ ዋዜማ ብቻ የሁሉም ነው። «እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ» የሚለውን ትጉ ሰው አመስግኑትና በተራው እንዲመጣ አድርጉ፤ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ሰዓቱን ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ወስኑ። በጾም ወራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚወጣው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዋዜማው በነዚያ ቀናት ከዋለ ቀድሞ መምጣት ቆሞ መጠበቅ ነው።

ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ መስኮት ክፈቱ፤ ከዚያ ከቅድስት (ከመቅደሱ ቀጥሎ ካለው መካከለኛ ክፍል) ጀምራችሁ በቅኔ ማኅሌት (በውጪኛው ክፍል) በኩል ወደ በሩ ጥረጉ። መቅደሱን የሚያጸዱት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ እናንተ መጋረጃው ጋ አቁሙ። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ሲነሣ ዲያቆን ይኑር፤ ወለል ላይ አይጎተትም። ምንጣፉን አውጥታችሁ አራግፉ እንጂ በውኃ አታርሱት፤ በክረምት ከሥሩ ሳይደርቅ ከተነጠፈ ሽታው እስከ ጥቅምት አይለቅም።

ዋናው ፈተና ሰም ነው። የጧፍ ጠብታ ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ ትኩሱን ካሻችሁት ወደ ጸጉሩ ዘልቆ ይገባል። እስኪደርቅ ጠብቁና በማንኪያ ጠርዝ ፋቁት፤ ፍርፋሪውን ልቀሙ። ለቀረው ነጭ ሶፍት ደርባችሁ ለብ ባለ ካውያ 5 ሰከንድ ያህል ጫን አድርጉ፤ ሰሙ ወደ ሶፍቱ ይወጣል። ሶፍቱን እየቀየራችሁ ድገሙት። ካውያው ከጋለ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይቀልጣል፣ በቅድሚያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚለቅ አይሆንም። የፈላ ውኃማ ጭራሽ አታስቡት፤ አንዷን ጠብታ ክንድ የሚያህል እድፍ ያደርጋታል። የተረፈ ጧፍና የተቀደደ ሥዕለ አድኅኖ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ይሰጣል። ወለሉ ላይ የተገኘ ገንዘብ ሁለት ሰው እያየ ወዲያው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ። ምድቡ የሚነቅዘው እዚህ ነው፤ ትሑት ነኝ የሚል ሁሉ ቅኔ ማኅሌት ይጠርጋል፣ ሽንት ቤቱ ግን ዝም ለሚሉት ሁለት ሰዎች ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን ወር ሰብሳቢው ይውሰደው፤ ከዚያ በኋላ በስም ዝርዝር ይዙር፣ ማንም አይዘለል። ጓንት ሳይኖር አይጀመር። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፣ በሩን ክፍት አድርጉ።

የተራ ለውጥ ምክንያት አይጠየቅበት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይገባበት ቀን የገጠመው ሰው «ዛሬ ግቢ ልሥራ» ካለ ይበቃል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰብሳቢ በሁለት ወር ውስጥ ግማሹን እኅቶች ያጣል፤ የሄዱበትን ምክንያትም አይነግሩትም።

ለሳሙናና ለበረኪና የሚዋጣው ብር ስም ባልተጻፈበት ፖስታ ይሰብሰብ። የሌለው ባዶ ፖስታ ቢያስገባ ማንም አያውቅም፤ ዝርዝር ከተለጠፈ ግን ችግረኛው አገልጋይ ከነጉልበቱ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ መጥረጊያ የያዘ ሰው ፎቶ አይለጠፍ፤ ፎቶ የሚነሣው የተሰበረ ቧንቧ ነው። ከንግሥ በኋላ ምስጋና በድምፅ ማጉያ እንዳይነገር አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን ለምኑ። አንድ ስም ተጠርቶ ሌላው ሲረሳ የሚመጣውን ቅያሜ ማብረድ ከበዓሉ ማግሥት ቆሻሻ ይከብዳል።

ከጥበቃው ወይም ከአቃቢቷ (የመሥዋዕቱን ስንዴ ከምታዘጋጀው እናት) ጋር ግጭት ሲነሣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ነው፦ የተዋሱትን ባልዲ አለመመለስ፣ ያላስፈቀዱትን ውኃ መቅዳት። የራሳችሁ 4 ባልዲና 6 መጥረጊያ ይኑራችሁ፣ ምልክት አድርጉባቸው፣ የሳጥኑን ቁልፍ ሁለት ሰው ይያዝ።

ሁለት ተራ የቀረን ሰው በቡድኑ ፊት ስሙን አትጥሩ። ቅርቡ የሆነ አንድ ሰው ደውሎ «ደኅና ነህ ወይ?» ይበለው፤ ስለ ተራው አያንሣ። ታሞ ወይም ሥራ ለቆ ይሆናል፤ ለሦስት ወር ስሙ ከዝርዝሩ ይውጣ፣ ሲመለስ ደግሞ ሽንት ቤት ሳይሆን ግቢ ይመደብ።