በማደሪያ መኪና ጅማንና ዙሪያዋን ለሚዞሩ፦ አስተማማኝ ኔትወርክ የማግኛ መንገድ

የሃይሩፍ ሚኒባስን መቀመጫ አስነቅለው አልጋና ማብሰያ ያስገቡ፣ ወይም ለማደሪያ ተብሎ የተሠራ መኪና የያዙ ሰዎች በጅማ ዙሪያ እየተጓዙ ሥራቸውን ከመኪናው ውስጥ ለመሥራት ሲያስቡ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው ራውተርና የትኛው አንቴና እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። በዚህ አካባቢ የኔትወርክን ጥራት ከሁሉ በላይ የሚወስነው መኪናው የቆመበት ቦታ ሲሆን፣ ዕቃው የሚረዳው ቦታው በደንብ ከተመረጠ በኋላ ብቻ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፣ ኮረብቶች የከበቧት ከተማ ናት። የስልክ ሞገድ ደግሞ ኮረብታ አይበሳም፤ በታወሩና በስልኩ መካከል ጉብታ ሲገባ የሚደርሰው በጫፉ ላይ ታጥፎ ወይም ከሌላ ነገር ላይ ተንጸባርቆ የመጣ ቅሪት ነው። ስለዚህ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት በጅረን ኮረብታ፣ ከተማው ወለል ብሎ በሚታይበት ወገን የቆመ መኪና ጥሩ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ከዚያው ኮረብታ ጀርባ ዝቅ ብሎ የቆመው ጨርሶ ሊያጣ ይችላል። ለማደሪያ የሚመረጠው ነፋስ የማያገኘው ረባዳ ቦታ ለኔትወርክ ብዙውን ጊዜ የሚከፋው ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይመጣል፤ ለነገ ጠዋት የቪዲዮ ስብሰባ ያለበት ሰው በእኔ አስተያየት ነፋሱን ቢችል ይሻለዋል። ዛፉም ቀላል እንቅፋት አይደለም። የአካባቢው ቡና በትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር የሚበቅል በመሆኑ ለመኪና ማቆሚያ የሚያጓጓው ቦታ ሁሉ ቅጠል የከደነው ነው፤ ዝናብ የጠገበ ቅጠል ደግሞ ሞገድ ይውጣል። በበጋ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ቦታ በክረምት ቢያስቸግር አይግረምዎ፤ ዝናቡ ራሱ በስልክ ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ሲሆን፣ ጥፋቱ በአመዛኙ የእርጥቡ ቅጠል ነው። መኪናውን ከዛፎቹ ሥር ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ወደ ገላጣው ማውጣት በውድ ከተገዛ ዕቃ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ቦታ ሲመርጡ በስልኩ አናት ላይ የሚታዩትን መስመሮች ብቻ አይመኑ፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ልክ የሚያወጣቸው ናቸው። እውነተኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው ቁጥር ነው። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ መረጃ በሚሰጠው ክፍል፣ በሲም ስታተስ ሥር ይገኛል፤ በአይፎን ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል ይበቃል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የተሻለ ነው። በ4ጂ ከ-90 የተሻለ ካሳየ፣ ታወሩ ካልተጨናነቀ በስተቀር፣ ለቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል፤ -100 አካባቢ ለኢሜይልና ለቴሌግራም ያገለግላል፤ ከ-115 ከባሰ ግን እየተቆራረጠ ያማርራል። በዚህ ቁጥር ላይ የ3 ልዩነት (3 ዲቢ ይባላል) የኃይል እጥፍ መሆኑን ካወቁ ትንሽ የሚመስለው ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዎታል፤ ከኋላ በር ዘንድ -108 ያሳየ ስልክ ከፊት መስታወት አጠገብ -99 ካሳየ፣ የሚደርሰው ኃይል ስምንት እጥፍ ጨምሯል ማለት ነው። እንግዲህ ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው በመኪናው ዙሪያ በዝግታ ይዙሩ፤ ቁጥሩ ወዲያው ስለማይታደስ በየቆሙበት ጥቂት ሰከንድ ይታገሡ።

የመኪናው አካል ብረት ስለሆነ ሞገድ ይከለክላል፤ ለሙቀት መከላከያ ከግድግዳው ሥር የሚለጠፈው የሚያብረቀርቅ ፎይል ደግሞ ይብሱን ያባብሰዋል። ምንም ሳያወጡ የሚደረገው መፍትሔ አንዱን ስልክ ከፊት መስታወት ላይ አስቀምጦ ሆትስፖት መክፈትና በሌላው ስልክ ወይም በላፕቶፑ ከአልጋው ላይ ሆኖ መጠቀም ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ለውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው የ4ጂ ራውተር ገዝቶ አንቴናውን ፖርቶ መጋላው ላይ ያስር። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት የገመዱን ነገር ነው፤ ቀጭን የአንቴና ገመድ በዚህ ሞገድ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 ዲቢ በላይ ስለሚበላ፣ አምስት ሜትር ሙሉ የተዘረጋ ከሆነ አንቴናው ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላዩ መንገድ ላይ ይቀራል። ገመዱ አጭር ይሁን፣ ራውተሩም ወደ ጣሪያው ይጠጋ። ገመዱ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይመለስ፤ በጅማ ዝናብ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ራውተሩ ላይ እንዳይደርስ ከማጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። ቡስተር የሚባለው ማጉያ ግን የሌለ ኔትወርክ አይፈጥርም፤ በትክክል ካልተገጠመም ታወሩን ይረብሻል፤ በተጨማሪም የቴሌኮም መሣሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና ሊኖረው ስለሚገባ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ስላለ፣ በ09 (የኢትዮ ቴሌኮም) እና በ07 (የሳፋሪኮም) የሚጀምሩ ሁለት ሲም ካርዶች መያዝ ይመከራል፤ አንዱ በሌለበት ሌላው ሊገኝ ይችላል። ከከተማ ርቀው ዳታው እምቢ ሲል ስልኩን በእጅ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ያውርዱት፤ ዝቅ ያለው የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከፍ ካሉት ይልቅ ርቆ ስለሚሄድ ቢያንስ ጥሪው ሊሳካ ይችላል። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ብሎ ሒሳብ ማየት፣ *999# ብሎ ፓኬጅ መግዛትና *127# ብሎ ቴሌብርን መጠቀም ኢንተርኔት አይፈልግም። ትልልቅ ፋይል ለመላክ ተጠቃሚው የሚበዛበትን ምሽት ትቶ ማለዳን መምረጥ ነው።

የኃይሉ ነገር ቀላል ነው። ራውተሩ ከ5 እስከ 10 ዋት ያህል ስለሚጠቀም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ኢንቨርተር ሳይሆን በቀጥታ ከ12 ቮልት፣ ሞተሩን ከሚያስነሳው ባትሪ ሳይሆን ለማደሪያው ከሚያገለግለው ሁለተኛ ባትሪ ይቀጠል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የታወሩም መጠባበቂያ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የኔትወርኩ መጥፋት ሁልጊዜ ከእርስዎ ዕቃ ነው ብለው ገመድ መፍታት አይጀምሩ።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲመጡ የግቤ ሸለቆ፣ ከጅማ በሸቤ አድርገው ወደ ቦንጋ ሲሄዱ ደግሞ የበለጤ ደንና የጎጀብ ቁልቁለት ስላሉ፣ ካርታውን ቀድመው ስልኩ ላይ ያውርዱ፤ ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት፣ ገና ከፍታው ላይ ሳሉ፣ የት እንደሚያድሩና በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ለቤተሰብ በኤስኤምኤስ ይላኩ፤ ኤስኤምኤስ ለማለፍ ጥቂት ሰከንድ ኔትወርክ ይበቃዋል። ሳይላክ የቀረውን ግን ብዙ ስልኮች በራሳቸው ደግመው ስለማይልኩት፣ መሄዱን አይተው መኪናውን ያንቀሳቅሱ።