የተሰበረ ቫዮሊን ላይ ፈረስ ሥሎ መሸጥ፣ ገቢው ለልጆች የሙዚቃ ትምህርት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። የሚሠራ ቫዮሊን ላይ ቀለም አትቀቡ! ድምፁ ደህና ከሆነ ለልጅ ይሰጥ፤ በተለይ ለትንሽ ክንድ የሚሆኑት ሦስት አራተኛና ግማሽ የሚባሉት መጠኖች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ሳይ ያንገበግበኛል። የምንሥልበት ፊቱ የተሰነጠቀውን፣ አንገቱ የተነቀለውን፣ ጠጋኝ አይቶ በቃ ያለውን ነው።

ክሮቹንና የአገጭ ማስደገፊያውን አውልቁ። ክሮቹን የሚሸከመው ትንሹ እንጨት በማጣበቂያ አልተያዘም፣ ውስጥ የቆመችው ቀጭን ዘንግም እንዲሁ። ሁለቱንም የያዛቸው የክሩ ጫና ስለሆነ ሲላላ ቢወድቁ አትደንግጡ። ስንጥቁን በኮላ ዝጉና ይደር። አንገቱ የተነቀለ ከሆነ ግን አናጺ ጋ ውሰዱት፤ ከተማችን ጅማ በርጩማን ከአንድ ግንድ ጠርበው የሚያወጡ እጆች ያሉባት ናት፣ ይሄ አያቅታቸውም።

ከዚያ የድሮውን ቫርኒሽ በ240 ቁጥር ሻካራ ወረቀት አደብዝዙ፣ በ400 አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ። ነጭ አክሬሊክ ቀለም በስሱ ቀብታችሁ ሲደርቅ በእርሳስ ንደፉ።

አሁን ወደ ፈረሱ። ብዙ ሰው መሃል ላይ አንድ ሙሉ ፈረስ አስቀምጦ ይጨርሳል። እኔ አይጥመኝም። የቫዮሊኑን ቅርጽ ተከተሉት፦ የፈረሱ አንገት ከታች ተነስቶ ወደ ቫዮሊኑ አንገት ይውጣ፣ ጋማው በሁለቱ የድምፅ ቀዳዳዎች ዙሪያ ይፍሰስ፣ ቀዳዳዎቹም የጋማው ጥላ ይሁኑ። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ባሕር ዳር የሚጋልብ ነጭ ፈረስ አትገልብጡ፤ ገበያ ቀን ውጡና ከገጠር ጭኖ የመጣውን ዳማ ወይም ቦራ እዩት፣ ጆሮው እንዴት እንደሚዞር፣ ሲደክመው አንዱን የኋላ እግር እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ ልጓሙ ጉንጩ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ ከዚያ በኋላ ሣሉ። ቀለሙን በስሱ ደራርቡ፣ በመጨረሻ ቫርኒሽ ቀቡት።

ጀርባው ላይ የፈረስ ስም ጻፉ። የጅማው ንጉሥ የሚታወቁበት አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ጂሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ ለሚመለስ እንግዳ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ደጋኑን አትጣሉት፣ አብሮ ይሸጥ። የቫዮሊን ደጋን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 በሚሆን የፈረስ ጭራ ፀጉር ይወጠራል፤ የማሲንቋችን ክርም ደጋንም ከፈረስ ጭራ ነው። ይህን በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ አንጠልጥሉበት፣ ገዢው ፈረሱ ለምን እዚያ እንደተሣለ ወዲያው ይገባዋል።

ዋጋ ስታወጡ የቀለሙን፣ የኮላውንና የአናጺውን ወጪ ለይታችሁ ጻፉ፣ ቀሪው ለልጆቹ እንደሚሄድም በግልጽ አስቀምጡ። «ለሙዚቃ ትምህርት» ብቻ አትበሉ፤ ለክር፣ ለደጋን ሙጫ፣ ለአስተማሪ ትራንስፖርት በሉ። ብሩ በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ አካውንት ይግባ። ካፌና ሆቴል ባለቤቶችን ግድግዳ ለምኑ፣ ከቻላችሁ ልጆቹ በዚያው ቀን ሁለት ዜማ ይጫወቱ። ክሩ ሲገዛ ደግሞ የደረሰኙን ፎቶ ለገዢው ላኩለት፣ ሳይጠይቃችሁ በፊት።